«የትል መድኃኒት» ለየትኛው ትል?

ሆድ ሲነፋ፣ ሲጮህ ወይም ሲቆርጥ «ትል ነው» ብሎ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል መዋጥ የተለመደ ነው። ከተሻለ «አላልኩህም፣ ትል ነበር» ይባላል፤ ካልተሻለ ሌላ ፍሬ ይጨመራል። መድኃኒቱ ለተሠራለት ነገር ጥሩ ነው። ነገር ግን አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ጥገኞች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ከፊሎቹ በዓይን የሚታዩ ትሎች ሲሆኑ ከፊሎቹ ባለ አንድ ሕዋስ ስለሆኑ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። በአንድ ጊዜ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል ወስፋትን ጠራርጎ ያስወጣል፤ መንጠቆ ትልንም በአብዛኛው ያጠፋል፤ ጅራፍ ትልን ግን ብዙ ጊዜ አይጨርሰውም። አሜባንና ቢልሃርዚያን ጭራሽ አይነካቸውም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ «የትኛው ነው?» የሚለው ነው። እያንዳንዱ የት እንደሚሰፍርና እዚያ ምን እንደሚሠራ ካወቁ ምልክቱ ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ከላይ ወደ ታች እንውረድ።

ትንሹ አንጀት

ባለ አንድ ሕዋሱ ጊያርዲያ የሚሰፍረው ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። ርዝመቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ 1 ማይክሮን የ1 ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በሆዱ በኩል ባለው መጣበቂያ የአንጀቱን ግድግዳ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል እንጂ ሰርስሮ አይገባም። ለዚህም ነው በጊያርዲያ ተቅማጥ ውስጥ ደም የማይኖረው፤ ደም ከታየ ሌላ ነገር ይፈለግ። ጉዳቱ የሚመጣው ምግብ የሚመጠጥበት የአንጀቱ ገጽ ስለሚጎዳና ስለሚጠብ ነው። ስብ ሳይመጠጥ ያልፋል፤ ሰገራው ፈዛዛ፣ ቅባታማ፣ ክፉኛ የሚሸትና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ይሆናል። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ መነፋት፣ ማቅለሽለሽና ክብደት መቀነስ አብረው ይመጣሉ። ምልክቱ የሚጀምረው ሰውየው የተበከለውን ነገር ከዋጠ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ «ትናንት የበላሁት ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ አይሠራም። ለመያዝ 10 ያህል ሲስት፣ ማለትም ቅርፊት ለብሶ የሚጓዘው የጊያርዲያ ቅርጽ፣ መዋጥ ይበቃል።

ከጊያርዲያ በኋላ የሚመጣውን ችግር ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የሚገኘው እዚያው በተጎዳው ገጽ ላይ ነው። ገጹ ሲጎዳ ላክቴዝ ይቀንሳል፤ የወተቱ ስኳር ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ፣ ቁርጠትና ውኃ መሳይ ተቅማጥ ይከተላል። ይህ ጊያርዲያው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። ሰውየው መድኃኒቱን በሥርዓት ጨርሶ፣ ተሐዋሲው ጠፍቶ፣ ሆዱ ግን አልስተካከል ሲለው «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር ይጀምራል። ሁለተኛ ዙር ከመጀመር በፊት ወተትን ለ4 ሳምንት ያህል አቁሞ ማየትና ሰገራውን እንደገና ማስመርመር ይሻላል። ወተት ሲቆም ሆዱ ጸጥ ካለ፣ የሚፈለገው ጊዜ እንጂ ሌላ ኪኒን አይደለም።

መንጠቆ ትል ጎረቤቱ ነው። ርዝመቱ 1 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን የአንጀቱን ግድግዳ ነክሶ ደም ይመጥጣል። ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ኒካቶር የሚባለው አንዱ ትል በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ አንኪሎስቶማ የሚባለው ደግሞ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያስፈስሳል። ቁጥሩ ሲታይ ኢምንት ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። 100 አንኪሎስቶማ በቀን ቢያንስ 15 ሚሊ ሊትር ደም ያስወጣሉ። 1 ሚሊ ሊትር ጤነኛ ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል አይረን አለ፤ ስለዚህ በቀን 7 ሚሊ ግራም ተኩል አይረን ከደም ይወጣል ማለት ነው። ሰውነት ከምግብ የሚመጥጠው አይረን በተለመደው ሁኔታ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ነው። ከፈሰሰው ከፊሉ አንጀቱ ውስጥ መልሶ ቢመጠጥም ገቢና ወጪው አይመጣጠንም። ዓይን ይገረጣል፤ ደረጃ መውጣት ያለከልካል፤ ልብ ያለ ሥራ ይመታል። ደሙ በጥቂት በጥቂቱና ከላይኛው አንጀት ስለሚፈስ ሰገራው ላይ ቀይ ሆኖ አይታይም።

የመንጠቆ ትል የሆድ ሕመም ከደረት በታች፣ ከእምብርት በላይ ስለሆነ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ለወራት የአሲድ መድኃኒት የሚወሰድለት ጊዜ አለ። የጨጓራ መድኃኒት የማይሰማ ሕመምና የደም ማነስ አንድ ላይ ከመጡ መንጠቆ ትል መታሰብ አለበት። ትሉን መግደል ብቻም አይበቃም፤ የተሟጠጠው አይረን ካልተተካ ደሙ ቶሎ አይመለስም። አይረን ኪኒን ብዙ ጊዜ ለ3 ወር ያህል የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መግቢያው ደግሞ በአብዛኛው አፍ ሳይሆን ቆዳ ነው። እንቁላሉ እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ ተፈልፍሎ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቆዳ የሚበሳ እጭ ይሆናል። ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው እጁን ቢታጠብ ባይታጠብም ይያዛል፤ መከላከያው ጫማና መጸዳጃ ቤት ነው።

እዚያው አካባቢ፣ ግድግዳው ውስጥ ተቀብራ የምትኖር ስትሮንጂሎይድስ የምትባል ትል አለች። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀጭን ናት። ከሌሎቹ ሁሉ የምትለየው በሰውየው ሆድ ውስጥ ራሷን ማባዛት በመቻሏ ነው። ወስፋት ወይም መንጠቆ ትል ሰው ውስጥ አይራባም፤ 10 እጭ ከገባ ከ10 በላይ ትል አይኖርም፤ አዲስ ካልገባም ያሉት አርጅተው ያልቃሉ። ስትሮንጂሎይድስ ግን እጮቿ ከአንጀት ሳይወጡ መልሰው ግድግዳውን እየበሱ ስለሚገቡ አንድ ሰው ለአሥርተ ዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊሸከማት ይችላል። አደጋው የሚመጣው ለአስም፣ ለመገጣጠሚያ ወይም ለሌላ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚባሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ነው። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም እጮቹ በገፍ ተባዝተው ወደ ሳንባና ወደ ሌሎች አካላት ይሰራጫሉ፤ የአንጀት ባክቴሪያም ተሸክመው ደም ውስጥ ይከታሉ። ይህ ይገድላል። ረዘም ላለ ጊዜ ስቴሮይድ ሊጀምሩ ከሆነና ትሏ በብዛት በሚገኝበት አካባቢ ኖረው ከሆነ ቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩት። መድኃኒቷ አይቨርሜክቲን ነው፤ በኪሎ 200 ማይክሮግራም፣ ለ1 ወይም ለ2 ቀን። አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል አይበቃትም።

ወስፋት ከዚያ በታች፣ በመካከለኛው የትንሹ አንጀት ክፍል ይኖራል። ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እንደወጣ አይዝም፤ አፈር ላይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየት አለበት። ከተዋጠ በኋላ እጩ የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ከዚያ በጉሮሮ ተውጦ ወደ አንጀት ይመለሳል። ሳንባ ውስጥ ሳለ ደረቅ ሳልና አስም የሚመስል የትንፋሽ መሰንጠቅ ሊያስነሳ ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ሰገራ ቢመረመር ምንም አይገኝም፤ ምክንያቱም እንቁላል የምትጥል ሴት ትል ገና የለችም። ከመዋጥ እስከ እንቁላል ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል።

ጥቂት ወስፋት ብዙም አያስቸግር ይሆናል። ሲበዙ ግን ስብ፣ ፕሮቲንና ቫይታሚን ኤ የመመጠጥ አቅምን ይቀንሳሉ፤ የልጅ ሆድ ተነፍቶ እጅና እግሩ የሚቀጥነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከሁሉ የከፋው እርስ በርስ ተጠላልፈው አንጀቱን ሲዘጉት ነው። ልጁ ያለማቋረጥ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተወጠረ፣ ሰገራም ፈስም አልወጣ ካለው ቤት ውስጥ የትል መድኃኒት አይሰጥም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። አንድ ወስፋት ብቻውን ወደ ሐሞት ቦይ ወጥቶ በቀኝ የጎድን አጥንት ስር የሚያስጮህ ሕመም የሚያስነሳበትም ጊዜ አለ።

የኮሶ ትል በአንጻሩ ብዙ ሜትር የሚረዝም፣ ነገር ግን ብዙም የማያውክ እንግዳ ነው። የበሬ ሥጋው ዓይነት 5 ሜትር የተለመደ ርዝመቱ ሲሆን 10 ሜትርም ይደርሳል። «የምበላውን ሁሉ እየበላብኝ ነው የከሳሁት» የሚለው አባባል የተጋነነ ነው፤ ብዙው ሰው የሚያውቀው ነጫጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚንቀሳቀሱ ቁርጥራጮች ልብሱ ላይ ወይም ሰገራው ላይ ሲያይ ነው። ቁርጥራጮቹ እንደተዘጉ ስለሚወጡ ሰገራው ውስጥ እንቁላል ላይገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው «ነጻ» ቢልም ያዩትን አይጠራጠሩ። ቁርጥራጩን በጓንት አንስተው ትንሽ ጨው ያለበት ውኃ ውስጥ ከተው ላቦራቶሪ ይውሰዱት። በጓንት የተባለው በምክንያት ነው። የአሳማ ሥጋው ዓይነት ከሆነ እንቁላሉ በአፍ ሲገባ እጩ አንጎል ውስጥ ይሰፍርና የሚጥል በሽታ ያመጣል። ያን የሚያመጣው ሥጋውን መብላት ሳይሆን ትሉን የተሸከመ ሰው በሰገራው የሚያወጣው እንቁላል ነው፤ የራሱ ጭምር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ሲሆን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይሰጣል። የሚጥል በሽታ ወይም የማይለቅ ራስ ምታት ያለበት ሰው ግን ሳይመረመር አይውሰደው፤ አንጎል ውስጥ ያለውን እጭ ሲነካው መንዘፍዘፍ ሊያስነሳ ይችላል። ትሉ በመድኃኒቱ ስለሚበታተን ጭንቅላቱ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ አለመሥራቱን አያሳይም። ጭንቅላቱ ከቀረ ግን ከ2 እስከ 3 ወር ውስጥ እንደገና አድጎ ቁርጥራጭ መጣል ይጀምራል።

ትልቁ አንጀት

አሜባ በሚባለው ሌላው ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ከሚገባው በላይ በብዛት የሚጻፍ ስም ይመስለኛል። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሚባ ሂስቶሊቲካ የሚባለው ነው። መንትያ የሚመስለው ኢንታሚባ ዲስፓር ደግሞ በሽታ አያመጣም፤ የሁለቱ ሲስት ግን በማይክሮስኮፕ አንድ ነው። ኢንታሚባ ኮላይ የሚባል ሌላ ጉዳት የሌለው ዘመድም አለ፤ የበሰለ ሲስቱ 8 ኒውክለስ፣ ማለትም የሕዋስ አስኳል፣ ሲኖረው የሂስቶሊቲካው 4 ነው፤ የቸኮለ ዓይን ያምታታቸዋል። በዚያ ላይ አንጀት ሲቆጣ የሚወጡት ትላልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት ሕያው አሜባ ይመስላሉ። በማይክሮስኮፕ የሚያሳምነው ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ፣ የሚንቀሳቀስ አሜባ ሲታይ ነው። የተሐዋሲውን የራሱን ፕሮቲን ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው፣ አንቲጅን የሚባለው ምርመራ ካለ ጥያቄውን ይፈታዋል። ተቅማጥ ለሌለበት ሰው «የአሜባ ሲስት» የሚል ወረቀት ብቻ የሆድ መነፋቱን አያስረዳም።

እውነተኛው የአሜባ ተቅማጥ ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት፣ የሚያስምጥ፣ ጥቂት ጥቂት የሚወጣ ሲሆን ከ1 እስከ 3 ሳምንት ቀስ እያለ ይብሳል። በአንድ ሌሊት ከከባድ ትኩሳት ጋር የጀመረ ደም ያለበት ተቅማጥ ይበልጥ ባክቴሪያ ያስጠረጥራል። አሜባው የትልቁን አንጀት ግድግዳ በልቶ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ቁስል ይሠራል፤ ከዚያም በደም ወደ ጉበት ሊሄድ ይችላል። የጉበቱ መግል በትኩሳትና በቀኝ የጎድን አጥንት ስር ሕመም ይገለጣል፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ታማሚዎች ተቅማጥ የላቸውም፤ ሰገራቸውም ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚያሳየው አልትራሳውንድ ነው።

ሕክምናው ላይ በብዛት የሚዘለለው ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ሜትሮኒዳዞል ከ500 እስከ 750 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሲወሰድ ግድግዳ ውስጥ የገባውን አሜባ ይገድላል። ነገር ግን አብዛኛው መድኃኒት ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ ያልቃል፤ ትልቁ አንጀት ውስጥ ላለው ሲስት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአንጀት የማይመጠጥ መድኃኒት መከተል አለበት፦ ፓሮሞማይሲን በኪሎ ከ25 እስከ 35 ሚሊ ግራም በቀን፣ ለ3 ተከፍሎ ለ7 ቀን፤ ወይም ዲሎክሳናይድ 500 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን። ይህ ሳይሰጥ ሲቀር ሰውየው ድኖ ይሰነብትና በሽታው ይመለሳል፤ ሲስቱንም ለሌላ ሰው ያስተላልፋል።

ጅራፍ ትል 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ቀጭኑን የፊት ክፍሉን ግድግዳው ውስጥ ሰፍቶ ይኖራል፤ ለአንድ ጊዜ መድኃኒት የማይበገረውም ስለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሲበዛ ደም ያለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ልጅ ላይ ፊንጢጣ ወደ ውጭ እስኪወጣ ያስምጣል። ሐኪሞች አልቤንዳዞልን ለ3 ቀን የሚያዙት ወይም አይቨርሜክቲን የሚጨምሩበት ለእሱ ነው።

ሌሊት ፊንጢጣ የሚያሳክከው ቀጭን ነጭ ትል፣ ኢንቴሮቢየስ፣ በሰገራ ምርመራ ብዙም አይገኝም፤ ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው ውጭ ቆዳው ላይ ነው። ጠዋት ከመታጠብና ከመጸዳዳት በፊት ግልጽ ማጣበቂያ ፕላስተር ፊንጢጣው ዙሪያ ተጭኖ ተነሥቶ ስላይድ ላይ ይለጠፋል፤ በተከታታይ 3 ጠዋት ቢደረግ ይሻላል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማል፤ በቤቱ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይወስዳል፤ አንሶላና የውስጥ ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠባል። አንድ ልጅ ብቻ ማከም ወር ሳይሞላ መመለስ ነው።

ቢልሃርዚያ አንጀቱ ውስጥ ሳይሆን በአንጀቱ ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሎቹ ግድግዳውን ሰንጥቀው ሲወጡ ደም ያለበት ሰገራ፣ ወደ ጉበት ሲወሰዱ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ጠባሳ ያመጣሉ። በወንዝና በሐይቅ ውኃ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ፕራዚኳንቴል በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ይሰጥለታል።

የሰገራ ምርመራው

«ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ሲባል ምን ያህል ሰገራ እንደታየ ማሰብ ደግ ነው። ስላይድ ላይ በቀጥታ የሚቀባው 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ሰውየው በቀን 200 ግራም ሰገራ ያወጣል እንበል። አንዲት ወስፋት 200,000 እንቁላል ከጣለች በአንድ ግራም 1,000፣ በስላይዱ ላይ 2 እንቁላል ይኖራል፤ ጠንቃቃ ባለሙያ ያገኘዋል። ኒካቶር የምትባለው መንጠቆ ትል ግን በቀን 10,000 ብትጥል በአንድ ግራም 50፣ በስላይዱ ላይ 0.1 ነው፤ አንዷን ትል ለማግኘት 10 ስላይድ መመልከት ይጠይቃል ማለት ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ መንጠቆ ትል በአንድ ስላይድ መሰወሩ የሚያስገርም አይደለም። አንድ ግራም ያህል ሰገራ በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም በፍጥነት አሽከርክሮ በሚያዘቅጥ መሣሪያ፣ ተጠናክሮ ከታየ ዕድሉ ብዙ ይጨምራል፤ ላቦራቶሪው ይህን እንደሚሠራ መጠየቅ ያዋጣል።

ጊያርዲያ ደግሞ ሲስቱን በየቀኑ አያወጣም። የተለመደው ምክር አንድ አንድ ቀን እየዘለሉ፣ በ10 ቀን ውስጥ 3 ናሙና መስጠት ነው። አንቲባዮቲክ ወይም ባሪየም የተባለው የራጅ መድኃኒት ተወስዶ ከሆነ 2 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል።

ናሙናው ንጹሕ፣ ደረቅና ክዳን ያለው ሰፊ አፍ ዕቃ ውስጥ ይሁን። ሽንት ከነካው ሕያው አሜባ ይሞታል፤ የመጸዳጃ ውኃ ከነካው ደግሞ የውኃው ውስጥ ፍጡራን ገብተው ያሳስታሉ። ለጠጣር ሰገራ የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል፣ ለቀጭን ሰገራ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ቦታ ካለ የሚወሰደው ከዚያ ነው። ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ፣ ለስላሳው በ1 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት፤ ከቤት ይዞ በታክሲ ከመጓዝ እዚያው ላቦራቶሪ መስጠት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሕያው አሜባ የሚፈለግበት ቀጭን ሰገራ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም። ናሙናው ብዙ ሰዓት ሙቀት ላይ ከዋለ የመንጠቆ ትል እንቁላል ይፈለፈልና እጩ ስትሮንጂሎይድስ ይመስላል፤ መድኃኒቱ ሌላ ስለሆነ ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

በደም ምርመራ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ካለ በሰውነት ሥጋ ውስጥ የሚያልፍ ትል ይጠረጠራል። ጊያርዲያና አሜባ ግን ኢዮሲኖፊልን አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጨምሩ ደሙ ደህና መሆኑ እነሱን ነጻ አያደርግም። ጥርስ ማፋጨትና ጣፋጭ መውደድ ምልክት ተደርገው ይወሰዳሉ፤ እኔ ቦታ አልሰጣቸውም።

«አንጀት ያጸዳል» የሚባል ነገር ጠጥተው ረጅም ገመድ መሰል ነገር ወጣብኝ የሚሉ ሰዎች ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። አብዛኛው የተቆጣ አንጀት የሚያወጣው ንፍጥና የተላጠ ሽፋን፣ ወይም ያልተፈጨ የአትክልት ክር ነው። ትል ወጥ ቅርጽ አለው፤ ወስፋት ከሆነ ድቡልቡልና ሁለት ጫፉ ሾጣጣ፣ የኮሶ ትል ከሆነ እኩል በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ። ከተጠራጠሩ ፎቶ ከማንሣት ዕቃውን ለላቦራቶሪ ማድረስ ይጠቅማል።

መድኃኒቱ ሲወሰድ

አልቤንዳዞል ከ2 ዓመት በላይ ላለ ሰው 400፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ሕፃን 200 ሚሊ ግራም ነው። ለትንሽ ልጅ ኪኒኑ ተፈጭቶ በውኃ ይሰጣል። የሚያለቅስን ልጅ አፍንጫ ይዞ ማስዋጥ ኪኒኑን ወደ አየር ቧንቧ ሊከተው ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግም። በእርግዝና የመጀመሪያ 3 ወር አይወሰድም።

ሜትሮኒዳዞል አፍ ላይ የብረት ጣዕም ያመጣል፤ ሽንትንም ሊያጠቁር ይችላል፤ ሁለቱም አያስደነግጡም። መጠጥ ግን መድኃኒቱ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለ3 ቀን ይቆማል። ለጊያርዲያ አዋቂ ሰው በቀን 3 ጊዜ 250 ሚሊ ግራም ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፤ ወይም ቲኒዳዞል 2 ግራም ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ። በሁለተኛው ቀን ስለተሻለው የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ የተረፉት ጊያርዲያዎች ግን አብረውት ይቀጥላሉ።

ደም ወይም ትኩሳት ላለበት ተቅማጥ ሎፔራማይድ የሚባለው የተቅማጥ ማቆሚያ አይወሰድም፤ መውጣት ያለበትን ያግዳል። ተቅማጥ ላለበት ልጅ ቀዳሚው ኦአርኤስ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20፣ ከዚያ በታች ለሆነው 10 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ያለ ምክንያት ክብደት የቀነሰ፣ ሰገራው ላይ ደም የሚያይ፣ ወይም 50 ዓመት ካለፈው በኋላ የሰገራ ልማዱ የተለወጠ ሰው የትል መድኃኒት እየደጋገመ መቆየት የለበትም፤ እዚያ ላይ የሚፈለገው ትል ብቻ አይደለም።

እጅ፣ ውኃ፣ አትክልት

በአልኮል የተሠራ የእጅ ማጽጃ የወስፋት እንቁላልንም የጊያርዲያ ሲስትንም አይገድልም። ሳሙናም አይገድልም፤ ግን ከውኃና ከመፋተግ ጋር ጠርጎ ያወርዳል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። 20 ሰከንድ ይፈተግ፣ ጥፍር ይቆረጥ። አትክልትም ላይ ነገሩ ያው ነው፤ ኮምጣጤና ሎሚ የወስፋትን እንቁላል ስለማይገድሉ ቅጠሉን አንድ በአንድ በሚፈስ ውኃ ማሸት ወይም ማብሰል ይሻላል። ክሎሪን ለባክቴሪያ ጥሩ ነው፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ተቅማጥ አምጪ ግን በተለመደው የክሎሪን መጠን አይሞትም። ውኃ አንዴ ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ካለፈ 3 ደቂቃ መፍላት ሁሉንም ይገድላል። ሙዳ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ ሲያርፍ፣ የተፈጨው 71 ሲደርስ የኮሶ ትል እጭ ይሞታል።

ከሕክምና በኋላ መልሶ መመርመሪያው ጊዜም እንደ ትሉ ይለያያል። የመንጠቆ ትል ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይታያል። ወስፋት መድኃኒቱ ሲወሰድ ሳንባ ውስጥ የነበረ እጭ ሊያመልጥ ስለሚችል ከ2 እስከ 3 ወር ይጠበቃል። የኮሶ ትል 3 ወር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁርጥራጭ ካልታየ ጭንቅላቱም ወጥቷል።